የታዳጊ አገሮች የቴክኖሎጂ ትብብርና ልውውጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ሁለት አገሮች በቴክኖሎጂ ዘርፍ ለመተባበር ተፈራረሙ» የሚል ዜና የማይሰማበት ሳምንት የለም። ከፊርማው በኋላ ምን እንደተሠራ የሚነግረን ግን ብዙም የለም። ከታች ያሉት ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። መልሱ ላይ የራሴ አስተያየትም ገብቶበታል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«የደቡብ ለደቡብ ትብብር» ማለት ምንድን ነው?

ታዳጊ አገሮች እርስ በርስ የሚያደርጉት የእውቀት፣ የሙያና የቴክኖሎጂ ልውውጥ ነው። ገንዘብም ይኖርበታል፤ ዋናው ግን እሱ አይደለም።

«ደቡብ» የሚለው ስም ካርታ ለሚያይ ሰው ግራ ነው። ሕንድ፣ ቻይናና ሞንጎሊያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ናቸው፤ ሆኖም «ደቡብ» ይባላሉ። አውስትራሊያ ደግሞ ከታች ተቀምጣ «ሰሜን» ውስጥ ትቆጠራለች። ስሙ የሚናገረው ስለ ኑሮ ደረጃና ስለ ታሪክ እንጂ ስለ አቅጣጫ አይደለም።

ሐሳቡ ከመቼ ጀምሮ ነው?

በ1955 የእስያና የአፍሪካ 29 አገሮች ኢንዶኔዥያ ውስጥ ባንዱንግ ላይ ተሰበሰቡ። ብዙዎቹ ከቅኝ ግዛት ገና የወጡ ነበሩ። በ1964 የታዳጊ አገሮች ስብስብ የሆነው ቡድን 77 ተመሠረተ። ቴክኖሎጂን በተመለከተ ግን ትልቁ ቀን ሴፕቴምበር 12 ቀን 1978 ነው። በዚያ ቀን 138 አገሮች ቦነስ አይረስ ላይ ስለ ቴክኒክ ትብብር የድርጊት መርሐ ግብር አጸደቁ። 38 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ቀኑ ዛሬም በተባበሩት መንግሥታት የደቡብ ለደቡብ ትብብር ቀን ሆኖ ይታሰባል።

በ2009 ናይሮቢ ላይ ደግሞ መርሆዎቹ ተዘረዘሩ፦ እኩልነት፣ ሉዓላዊነትን ማክበር፣ ቅድመ ሁኔታ አለማስቀመጥ፣ በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት፣ የጋራ ጥቅም። ወረቀት ላይ ያምራሉ። መሬት ላይ እንዴት እንደሆኑ ወደ በኋላ እንመጣበታለን።

ቴክኖሎጂ ሲባል ማሽን ማለት ነው?

በጣም የተለመደው ስህተት ይሄ ነው። ማሽን ዕቃ ነው። ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፣ መርከብ ያመጣዋል። ቴክኖሎጂው ግን ማሽኑን የሚተክለው፣ ሲበላሽ የሚጠግነው፣ ካስፈለገም የሚያሻሽለው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ አንድ ማምረቻ ቦታ ሄጄ ፕላስቲኩ እንኳ በወጉ ያልተነሳለት ማሽን አየሁ። ለምን እንደቆመ ጠየቅኩ። የአጠቃቀም መመሪያው እዚያ ካለው ሰው ማንም በማያነበው ቋንቋ ነበር የተጻፈው። የተከለው ቡድን ከሄደ አንድ ዓመት ሆኖታል። ሁሉም ሰው ማሽኑን በአክብሮት ዞሮ ያልፈዋል፤ የሚነካው የለም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለዚህ «ቴክኖሎጂ ተሸጋገረ» የሚል ዜና ስሰማ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ባለሙያዎቹ ወደ አገራቸው በተመለሱ ማግስት ቢበላሽ ማን ይጠግነዋል?

እስኪ የሠራ ምሳሌ ንገሩን።

ከሁሉ የምወደው የእጅ ፓምፕ ታሪክ ነው። ሳተላይትም ክትባትም አለ፤ ግን ፓምፑ ይበልጥብኛል።

በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ሕንድ ውስጥ በድርቅ ምክንያት ብዙ የውኃ ጉድጓድ ተቆፈረ። የተተከሉት ፓምፖች ግን በአውሮፓና በአሜሪካ ለአንድ ቤተሰብ የተሠሩትን የሚመስሉ የብረት ፓምፖች ነበሩ። አንድ ቤተሰብ በቀን ጥቂት ጊዜ ለሚቀዳበት ይበቃሉ። መንደር ሙሉ ከንጋት እስከ ማታ ሲጎትታቸው ግን አልቻሉም። አብዛኞቹ ተሰባብረው ቆሙ።

መፍትሔው ከላቦራቶሪ አልመጣም። ሾላፑር በሚባል ከተማ ራሱን በራሱ ያስተማረ መካኒክ ጠንከር ያለ ፓምፕ ሠርቶ ነበር። ዩኒሴፍና የሕንድ መንግሥት ያንን መነሻ አድርገው አሻሻሉት። በ1970ዎቹ መጨረሻ «ኢንዲያ ማርክ ቱ» ተወለደ። ንድፉ የማንም የግል ንብረት እንዳይሆን ተደረገ። አቅሙ ያለው ሁሉ እንዲያመርተው ተፈቀደ፤ ጥራቱ ግን በደረጃ ተወሰነ። በዚህ ምክንያት ዋጋው ወረደ፣ መለዋወጫውም በየቦታው ተገኘ። ፓምፑ በሚሊዮን ቁጥር ተሠራ፤ ወደ አፍሪካም ተሻገረ።

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚጥመው። አፍሪካ ሲደርስ ችግር ገጠመው። አንዳንድ ቦታ የከርሰ ምድር ውኃው አሲድነት ስላለው የብረት ቧንቧውን በላው። ለጥገናም ከባድ ቧንቧ ከጉድጓድ ጎትቶ የሚያወጣ ቡድንና መኪና ይፈልጋል። መንደር ውስጥ ይሄ ከየት ይመጣል?

ስለዚህ በ1980ዎቹ ማላዊና ኬንያ ውስጥ ሌላ ፓምፕ ተሠራ፤ «አፍሪዴቭ» ይባላል። ቧንቧው ፕላስቲክ ነው፣ አይዝግም። ፒስተኑን ለማውጣት ቧንቧውን መንቀል አያስፈልግም። አብዛኛውን ጥገና የመንደሩ ሰው በአንድ መፍቻ ይጨርሰዋል። ንድፉ ይሄም ለሁሉም ክፍት ሆነ። ከዚያ ምን ሆነ? ሕንድና ፓኪስታን ያሉ ፋብሪካዎች አፍሪካ ውስጥ የተወለደውን ፓምፕ ማምረት ጀመሩ።

ልውውጥ ማለት ለእኔ ይሄ ነው። ዕቃው ሄደ፣ ጉድለቱ ታየ፣ ተቀባዩ አስተካከለው፣ የተስተካከለው ተመልሶ ሄደ።

ለምን በቀጥታ ከበለጸጉት አገሮች አንወስድም? የእነሱ አይሻልም?

አንዳንዴ ይሻላል። ውስብስብ የሕክምና መሣሪያ ወይም የኮምፒውተር ቺፕ ከሆነ አማራጩ ጥቂት ነው፤ መዋሸት አያስፈልግም።

ግን ቴክኖሎጂ የተወለደበትን ቦታ ይመስላል። መብራት በማይቋረጥበት አገር የተሠራ ማሽን መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ማንም አላሰበበትም። ጉልበት ውድ በሆነበት አገር የተሠራው ሰው እንዲቀንስ ተደርጎ የተሠራ ነው። በሌላ በኩል ሙቀትን፣ አቧራን፣ ደካማ ኔትወርክን፣ ትንሽ ገቢን የሚያውቅ መሐንዲስ ሲሠራ እነዚህን ሁሉ ከመጀመሪያው ያስገባል። ብራዚል ኤምብራፓ የተባለውን የግብርና ምርምር ድርጅቷን በ1973 ስታቋቁም አኩሪ አተር በባሕሪው የቀዝቃዛ አካባቢ ሰብል ነበር። ተመራማሪዎቿ ለሐሩር ቀበቶ የሚሆን ዝርያ አወጡ። ሴራዶ የተባለውን አሲዳማ መሬት ደግሞ በኖራ አከሙት። ከዚያ በኋላ አሲዳማ የሐሩር አፈር ያለው አገር ሁሉ ምክር ሊጠይቅ የሚሄደው ወደ ብራዚል ሆነ።

ግን ተጠንቀቁ። የአፈር መመሳሰል የሰው መመሳሰል አይደለም።

ምን ማለት ነው?

ከብራዚል ሴራዶ ስኬት በኋላ አንድ ሐሳብ መጣ። የሞዛምቢክ የናካላ ኮሪደር ከሴራዶ ጋር ይቀራረባል ተባለ፤ በኬክሮስም በሣር ምድርነትም። በ2009 ጃፓን፣ ብራዚልና ሞዛምቢክ ፕሮሳቫና በተባለ የግብርና ልማት ፕሮግራም ተስማሙ።

የተረሳው ነገር ሴራዶ በአብዛኛው ሰው የሳሳበት መሬት መሆኑ ነበር። ናካላ ላይ ግን በጣም ብዙ አነስተኛ ገበሬዎች እያረሱ ይኖራሉ። ገበሬዎቹ መሬታችን ሊሄድ ነው ብለው ሰጉ። በ2013 የገበሬ ማኅበራት ለሦስቱ መንግሥታት መሪዎች ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ዕቅዱ ተከለሰ፣ እንደገና ተከለሰ፣ በመጨረሻ በ2020 ተቋረጠ።

ሦስቱም መንግሥታት ክፉ አስበው ነው አልልም። ግን ሲነድፉ ያነጋገሩት ማንን ነው? ገበሬውን መጀመሪያ ቢጠይቁት ኖሮ ስንት ዓመት በተረፈ።

ጃፓን ታዳጊ አገር አይደለችም። እዚህ ምን ታደርጋለች?

ጥሩ ጥያቄ ነው። ይሄ «የሦስትዮሽ ትብብር» ይባላል። ሁለት ታዳጊ አገሮች ይለዋወጣሉ፤ ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ሀብታም አገር ወይም ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ገንዘብ ወይም የጎደለውን እውቀት ይጨምራል።

ሲሳካ ምን እንደሚመስል ለማየት የማጅራት ገትርን ክትባት ተመልከቱ። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው «የማጅራት ገትር ቀበቶ» ውስጥ ኤ የተባለው የባክቴሪያው ዓይነት በየጊዜው ወረርሽኝ ያስነሳ ነበር። ትልልቆቹ መድኃኒት አምራቾች ለድሃ አገር ብቻ የሚሆን ክትባት መሥራት አላጓጓቸውም። የአፍሪካ የጤና ባለሥልጣናት ደግሞ ከመነሻው ግልጽ ነገር ተናገሩ፦ ዋጋው ከ50 ሳንቲም ዶላር ካለፈ አንችልም።

እናም ሥራው ከዋጋው ተነስቶ ወደ ኋላ ተነደፈ። የዓለም ጤና ድርጅትና ፓዝ የተባለው ድርጅት ፕሮጀክቱን መሩት። ዋናው የአሠራር ዘዴ ከአሜሪካ የመንግሥት ቤተ ሙከራ መጣ። ሕንድ ፑኔ ያለው ሴረም ኢንስቲትዩት ዘዴውን ተምሮ ማምረት ጀመረ። ሙከራው ማሊን፣ ጋምቢያንና ሴኔጋልን ጨምሮ በቀበቶው አገሮችና በሕንድ ተካሄደ። በዲሴምበር 2010 ቡርኪና ፋሶ ክትባቱን በዘመቻ ጀመረች። ዋጋው ከ50 ሳንቲም በታች ነበር። ከዚያ በኋላ ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰው ተከተበ፤ የኤ ዓይነት ወረርሽኝም ከቀበቶው ጠፋ ማለት ይቻላል።

እርዳታ ነው ወይስ ንግድ?

ሁለቱም ይቀላቀላሉ። «ወንድማማችነት» የሚለው ቃል ስለተደጋገመ ብቻ ነጻ ስጦታ አይምሰላችሁ።

ነጻ የሆነ አለ። ሕንድ፣ ብራዚልና ደቡብ አፍሪካ በ2004 ባቋቋሙት ፈንድ እያንዳንዳቸው በዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ያዋጣሉ፤ ለሌሎች ታዳጊ አገሮች ፕሮጀክት ይውላል። ትንሽ ነው፣ ግን ስጦታ ነው።

ትልቁ ገንዘብ ግን ብድር ነው። ብድሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገመድ አለው። የቻይና ቅናሽ ብድር እንደተለመደው ቢያንስ ግማሹ ግዢ ከቻይና እንዲሆን ይጠይቃል። የሕንድ የብድር መስመር በመደበኛው 75 በመቶው ዕቃና አገልግሎት ከሕንድ እንዲመጣ ይላል። ይሄ ወንጀል አይደለም፤ የበለጸጉትም ሲያደርጉት የኖሩት ነው። ግን «ቅድመ ሁኔታ የለውም» የሚለውን ንግግር ስትሰሙ ይሄንን አስታውሱ። የፖለቲካ ቅድመ ሁኔታ ላይኖረው ይችላል፤ የግዢ ግን አለው። ግዢው ከአበዳሪው ሲሆን የአገር ውስጥ አምራች የመማር ዕድሉ ይጠባል።

ከድሮው የሚጠቀስ ትልቅ ፕሮጀክት አለ?

ታዛራ። ታንዛኒያንና ዛምቢያን የሚያገናኘው 1,860 ኪሎ ሜትር የባቡር መስመር ነው። ዛምቢያ መዳቧን በነጭ አናሳዎች በምትገዛው ሮዴዢያ (በዛሬዋ ዚምባብዌ) በኩል መላክ አልፈለገችም። ምዕራባውያን አዋጭ አይደለም ብለው እምቢ አሉ። ቻይና፣ ያኔ ራሷም ድሃ ሆና፣ ያለ ወለድ አበድራ ከ1970 እስከ 1975 ሠራችው።

ለእኔ ከርዝመቱ ይልቅ የሚገርመኝ የሐዲዱ ስፋት ነው። ቻይና ቤቷ የምትጠቀመው 1,435 ሚሊሜትር ነው። ታዛራን ግን በ1,067 ሚሊሜትር ሠራችው፤ ከደቡባዊ አፍሪካ ሐዲድ ጋር እንዲገጥም። ሰጪው የራሱን ልክ ትቶ የተቀባዩን ልክ ወሰደ። ይሄ በየቀኑ የሚታይ ነገር አይደለም።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ያሳዝናል። መስመሩ በዓመት 2 ሚሊዮን ቶን እንዲያጓጉዝ ታስቦ ነበር። በ2010ዎቹ አጋማሽ ከ100 ሺህ ቶን በታች የወረደበት ጊዜ ነበር። የሎኮሞቲቭ እጥረት፣ ያረጀ መስመር፣ ለጥገና ያልተመደበ ገንዘብ። የተሠራው በአምስት ዓመት ነው፤ መጠገን ግን መቼም የማያልቅ ሥራ ነው፣ ሪባን የሚቆረጥለትም የለም።

ፓተንት (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) አያግደንም?

ሰው ከሚያስበው ያነሰ ያግዳል። ደግሞም ሰው በማያስበው በኩል ያግዳል።

መጀመሪያ መልካሙን። ፓተንት የሚሠራው በተመዘገበበት አገር ብቻ ነው። አንድ ኩባንያ ፈጠራውን አሜሪካና ጃፓን አስመዝግቦ እናንተ አገር ካላስመዘገበ፣ እናንተ አገር ውስጥ መሥራትና መሸጥ አይከለከልም። ወደተመዘገበበት አገር መላክ ግን አትችሉም። ዕድሜውም በተለምዶ ካመለከተበት ቀን 20 ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የሁሉም ነው። ማመልከቻው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ18 ወር በኋላ ለሕዝብ ይታተማል። ማለትም የዓለም የፓተንት መዝገብ በነጻ የሚነበብ ግዙፍ የምሕንድስና ቤተ መጻሕፍት ነው። የሚያነበው ሰው ማነሱ ያናድደኛል።

በጣም ላላደጉ አገሮችም የዓለም ንግድ ድርጅት ሕግ እፎይታ ሰጥቷል። የአእምሯዊ ንብረት ስምምነቱን በአብዛኛው እስከ ጁላይ 2034፣ ለመድኃኒት እስከ ጃንዋሪ 2033 ተግባራዊ ላያደርጉ ይችላሉ።

ሕጉን በብልሃት የተጠቀመችው ሕንድ ናት። በ1970 ባወጣችው ሕግ መድኃኒቱ ራሱ ፓተንት አይሰጠውም ነበር፤ የሚሰጠው አሠራሩ ብቻ ነው። ስለዚህ በሌላ መንገድ ያንኑ መድኃኒት መሥራት ተቻለ። ይሄ እስከ 2005 ቆየ። በመካከሉ የሕንድ ፋብሪካዎች ተማሩ፣ ጎበዙ። በ2001 ሲፕላ የተባለው ኩባንያ የኤችአይቪ መድኃኒትን ለአንድ ሰው በዓመት 350 ዶላር፣ ማለትም በቀን ከ1 ዶላር በታች እንደሚያቀርብ አስታወቀ። ያኔ የሀብታም አገር ዋጋው በዓመት ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነበር።

አሁን ክፉው። ፓተንቱ ወረቀት ላይ የሚለውና ፋብሪካ ውስጥ የሚደረገው አንድ አይደለም። ስንት ዲግሪ ላይ፣ በምን ፍጥነት፣ ሲደፈርስ ምን ይደረጋል፦ ይሄ የእጅ እውቀት ነው፤ የትም አይጻፍም። በኮሮና ጊዜ ይሄ በግልጽ ታየ። በ2021 የዓለም ጤና ድርጅት ኬፕ ታውን ላይ የኤምአርኤንኤ ክትባት ቴክኖሎጂ ማዕከል እንዲቋቋም አደረገ። አፍሪጄን የተባለው ኩባንያ የሞደርናን ክትባት መነሻ አድርጎ የራሱን ለመሥራት ተነሳ። ሞደርና በወረርሽኙ ጊዜ ፓተንቴን ይዤ ማንንም ፍርድ ቤት አልከስም ብሎ ነበር፤ አሠራሩን ግን አላሳየም። የአፍሪጄን ሳይንቲስቶች በይፋ ከታተመው መረጃ ተነስተው በ2022 መጀመሪያ በላቦራቶሪ ደረጃ ሠሩት። ከዚያ 15 በሚሆኑ ሌሎች አገሮች ያሉ አምራቾችን ማሠልጠን ጀመሩ።

እንግዲህ ፓተንቱ በር ነው እንበል። በሩ ተከፍቶ እንኳ ውስጥ ገብቶ ብርሃኑን የሚያበራ ሰው ያስፈልጋል።

ሶፍትዌርስ? እሱ ቀላል አይደለም?

ለመቅዳት ቀላል ነው፤ ለማኖር አይደለም። ዲኤችአይኤስ ቱ የተባለውን የጤና መረጃ ሥርዓት ውሰዱ። ሥሩ ከአፓርታይድ ማግስት በደቡብ አፍሪካ ነው፤ ከኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በተሠራ ሥራ አደገ። ክፍት ምንጭ ነው፤ ማለትም ኮዱን ማንም አይቶ ሊቀይረው ይችላል፤ ከ70 በላይ አገሮች ይጠቀሙበታል። ኮሮና ሲመጣ ስሪላንካውያን በ2020 መጀመሪያ ላይ ተጓዦችንና ታማሚዎችን የሚከታተል ክፍል በቀናት ውስጥ ጨመሩበት። ያንን ብዙ አገሮች ወስደው ተጠቀሙበት። ይህ የሆነው ስሪላንካ ውስጥ ሥርዓቱን ከውስጡ የሚያውቁ ልጆች ስለነበሩ ነው። «ነጻ ሶፍትዌር» ወስዶ የራሱን ፕሮግራመር ያላሠለጠነ አገር ለእያንዳንዱ ለውጥ ለውጭ አማካሪ ይከፍላል። ነጻነቱ ያኔ ያልቃል።

ሳተላይት ላይ ገንዘብ ማውጣት ለታዳጊ አገር ቅንጦት አይሆንም?

ለብቻ ከሆነ ሊሆን ይችላል። ቻይናና ብራዚል ግን በ1988 ተስማምተው የምድር መቃኛ ሳተላይት አብረው ሠሩ። መጀመሪያ ላይ ቻይና 70፣ ብራዚል 30 በመቶ ወጪ ያዙ፤ ኋላ እኩል ሆኑ። የመጀመሪያው በ1999 ተወነጨፈ። በ2013 አንዱ ሲወነጨፍ ከሸፈ። ተጣልተው አልተበተኑም፤ በዓመቱ ሌላ ላኩ። ብራዚል የአማዞንን ደን ጭፍጨፋ የምትከታተለው ከእነዚህ በሚመጣ ምስል ጭምር ነው። ምስሉን ከ2004 ጀምሮ በነጻ መስጠት ጀመረች፤ ለሌሎች ታዳጊ አገሮችም ተከፈተ።

ትንሽና ድሃ አገር ለሌላው ምን ልትሰጥ ትችላለች?

ባንግላዴሽ በተቅማጥ የሚሞቱ ሕፃናትን የሚያድን ዘዴ ለዓለም አስተምራለች፦ ጨው፣ ስኳርና ንጹሕ ውኃ በትክክለኛ መጠን። ጥናቱ በ1968 ዳካ ውስጥ ተሠራ። በ1971 ጦርነት ጊዜ ሕንዳዊው ሐኪም ዲሊፕ ማሃላናቢስ ሕንድ ውስጥ ባሉ የስደተኛ ካምፖች በስፋት ተጠቀመበት።

ግን እኔ የማደንቀው ቀጥሎ የመጣውን ነው። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት በ1980ዎቹ ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት ላከ። ከ12 ሚሊዮን በላይ እናቶች ተማሩ። የአስተማሪዋ ክፍያ ባስተማረችው ብዛት አልነበረም። ከሳምንታት በኋላ ተቆጣጣሪ ይሄድና እናትየዋ ምን እንዳስታወሰች፣ በትክክል መቀላቀል ትችል እንደሆነ ይፈትናል። ክፍያው በዚያ ነው። እስኪ ይሄንን ሕግ በሚሊዮን ዶላር ወጪ በሚደረጉ ዓለም አቀፍ ሥልጠናዎች ላይ አስቡት። ስንቱ አሠልጣኝ ደመወዝ ያገኝ ነበር?

«የመግባቢያ ሰነድ ተፈረመ» ሲባል ምን ልጠብቅ?

ብዙ አትጠብቁ። የመግባቢያ ሰነድ አብዛኛውን ጊዜ ፍላጎት መግለጫ ነው፤ አስገዳጅ አይደለም። በጀት፣ የጊዜ ሰሌዳና ኃላፊ የሆነ መሥሪያ ቤት ካልተጠቀሰበት ላም አለኝ በሰማይ ነው። እውነተኛ ነገር እንኳ ሲሆን ጊዜ ይፈጃል። ብራዚል ለሞዛምቢክ የኤችአይቪ መድኃኒት ፋብሪካ ቃል የገባችው በ2003 ነው፤ ማቶላ ላይ የተመረቀው በ2012።

ውል ስንዋዋል ምን ምን እናስገባ?

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

የምሕንድስና ሥዕሉና የጥገና መመሪያው ሠራተኛው በሚያነበው ቋንቋ ይምጣ። ሶፍትዌር ካለበት ዋናው ኮድ፣ መረጃው የማን እንደሆነና የት እንደሚቀመጥ ይጻፍ። መለዋወጫ ለስንት ዓመት፣ በስንት ዋጋ እንደሚቀርብ ይታወቅ፤ ከሌላ አምራች መግዛት እንደሚቻልም ይገለጽ። የአሻሻልነው ነገር ባለቤትነት የእኛ መሆኑ ይጠቀስ፤ ይሄ በጣም የሚረሳ ነው። አንዳንድ ውል ተቀባዩ ያሻሻለውን በነጻ ለሰጪው እንዲመልስ ያስገድዳል፤ ካላነበባችሁ አታውቁትም።

ትንንሽ የሚመስሉ ቴክኒካል ነገሮችንም አትናቁ። ብራዚል የምትጠቀመው ኤሌክትሪክ 60 ኸርዝ ነው፤ ሕንድ፣ ቻይናና አብዛኛው አፍሪካ ደግሞ 50 ኸርዝ። ሞተር ያለው ማሽን በዚህ ምክንያት ብቻ በተሳሳተ ፍጥነት ሊሽከረከር ይችላል።

የመጨረሻው ክፍያ ደግሞ በምርቃት ቀን አይከፈል። የአገሬው ባለሙያ ያለ ማንም እርዳታ ለተወሰነ ወራት ሲያሠራው ካየን በኋላ ይከፈል። ይሄንን አንቀጽ የሚጠላ ሻጭ ካጋጠማችሁ ለምን እንደጠላው ጠይቁት።

ሥልጠና ከተሰጠ አይበቃም?

ሕንድ ከ1964 ጀምሮ የውጭ ባለሙያዎችን የምታሠለጥንበት አይቴክ የተባለ ፕሮግራም አላት፤ ብዙ ሺህ ሰው አልፎበታል። ጥሩ ነው። ግን አንድ ሰው ሠልጥኖ ተመልሶ መሣሪያ በሌለው ቢሮ ከተቀመጠ ያወቀው ሁሉ ይዘገዋል፤ ካልሆነም የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ይሄዳል። ቢያንስ ሁለት ሦስት ሰው ከአንድ ቦታ አብሮ ይሂድ። ሲመለሱም ማስተማር ግዴታቸው ይሁን።

እኔ መንግሥት አይደለሁም። ትንሽ ድርጅት ነው ያለኝ፣ ወይም ተመራማሪ ነኝ። ከየት ልጀምር?

ከንባብ። የፓተንት መዝገቦቹ በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የተባለው ፕሮግራም በታዳጊ አገር ላሉ ተቋማት ውድ የሆኑ የምርምር መጽሔቶችን በነጻ ወይም በቅናሽ ይከፍታል፤ ተቋማችሁ መመዝገቡን የቤተ መጻሕፍት ኃላፊውን ጠይቁ። ብዙ ቦታ ተመዝግቦ ማንም አያውቀውም። ለተመራማሪ ደግሞ ፓኪስታናዊው የፊዚክስ ሊቅ አብዱስ ሳላም በ1983 ያቋቋመው ትዋስ የተባለ የሳይንስ አካዳሚ አለ። ወጣቶች በሌሎች ታዳጊ አገሮች ዶክትሬታቸውን እንዲሠሩ ዕድል ይሰጣል። መንግሥታት ደግሞ በጣም ላላደጉ አገሮች የተቋቋመውንና በ2018 ቱርክ ጌብዜ ላይ ሥራ የጀመረውን የቴክኖሎጂ ባንክ ማነጋገር ይችላሉ።

ከዚያ የእናንተን ችግር ቀድሞ የገጠመውን ሰው ፈልጉ። ትልቁን ተቋም አይደለም፤ ሥራውን በእጁ የሚሠራውን። ኢሜይል ላኩለት። መጀመሪያ የምትጠይቁት ደግሞ «ምን ሠራችሁ?» ሳይሆን «ምን ተበላሸባችሁ?» ይሁን። የሚመልስላችሁ ሰው ካገኛችሁ አጋር አግኝታችኋል።